የቦዬ ካርድ

ራውዳ ቅጹን ዘርግታ፣ እኔ መረቡን ይዤ፣
ባልበቃኝ ቡትስ ጫማ ውስጥ ጣቶቼ ድረስ ደንዝዤ፣
ጅማ ገና ሳትነቃ ቦዬ ጨፌ ደረስን፤
ቄጤማው እስከ ደረት በጤዛው አራሰን።

"ከዳር ጀምር" አለች። ጀመርኩ።
"እስከ መቶ ሜትር ምን ይታይሃል?" ዞር ብዬ ቆጠርኩ፦
ባሕር ዛፍ፣ ሦስት ረድፍ፣ የአባ ሜጫ፤
በቆሎ፣ የከብት መዋያ፣ አሮጌ የጡብ አፈር ማውጫ፤
ከከተማ የሚወርድ ቦይ፣ ሽታው ቀድሞት የሚመጣ፤
ደግሞ አንድ አዲስ አጥር፣ ባለቤቱ ገና ያልወጣ።

ለእያንዳንዱ ቁጥር አላት።
ጨፌ እንደ ተማሪ ነው፣ ካርድ ይሞላለታል፤
ጎረቤት ባጠፋው ጥፋት ክፍል ይደግምለታል።

መረቡን ሰድጄ ጎተትኩ፤ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥን።
መጀመሪያ ጭቃ ብቻ። አጎንብሰን ጠበቅን።
ከዚያ ጭቃው መራመድ ጀመረ፤
አንድ የውሃ ተርብ ልጅ፣ እግሩን እየቆጠረ፣
ቀንድ አውጣ፣ ጥፍር የምታህል፣
አልቅት፣ ቀይ ትል፣ ደሞ ቀይ ትል፣ ደሞ ቀይ ትል።
"ቀይ ትል ሲበዛ" አለች ራውዳ፣ "ውሃው ትንፋሽ አጥሮት ነው፤"
ከዚያ ዝም ብላ ጻፈች፣ ሐኪም አስታማሚ ፊት እንደሚጽፈው።

መሐል ላይ ግን ክፍት ውሃ አለ፣ ሰማይ የሚተኛበት፣
የባጃጅ ተሳፋሪ ሁሉ አንገቱን የሚያወጣለት፣
ሙሽሮች ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ የሚነሡበት።
"ይኼስ?" አልኳት፣ "ይኼኛው መቼም ያልፋል።"
ዘንጓን ሰደደች። ጠርዙ በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሏል።
ከውስጡ አንድ ተርብ እንኳ አልወጣም፣ ሣር የሚይዝበት የለው፤
"ይኼን ውሃ አላህ አልቆፈረውም" አለች፣ "አካፋ ነው።"

የማን አካፋ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።
እኔም አልነገርኳትም።

አባቴ ነስሩ ጡብ መቺ ነበር፤ በጋውን እዚህ ሲዝቅ፣
ቄጤማውን ከነሥሩ ገፎ፣ ጭቃውን በእግሩ አቡክቶ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ እስኪደርቅ
ሲጠብቅ፣ ምድጃውን በአባ ሜጫ ባሕር ዛፍ ሲያነድ።
ጡቡ ለሰው ቤት ይሄዳል፤ ብሩ ለእኔ ደብተር፣ ለእኔ መንገድ።
ራውዳ የምትተኛበት ዶርም ግድግዳው፣ ማን ያውቃል፣
ከዚሁ ጉድጓድ ወጥቶ ይሆናል።
ክረምት ሲገባ ጥሎት ይሄዳል፤ አዌቱ ሞልቶ ይገባበታል፤
በመስከረም ዳክዬ ይንሳፈፍበታል፤
ሰው ሐይቅ ይለዋል።

አባ ሜጫ ከዛፎቻቸው ሥር ሆነው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው
ያዩናል። ሰላምታ ስንሰጥ ወደ ውሃው በአገጫቸው ጠቁመው፦
"በእኔ ልጅነት" አሉ፣ "ውሃ አይታይም ነበር።
ይሰማ ነበር።
ቄጤማ ሥር፣ ከንፈሩን ሳይከፍት የሚያወራ ሰው ይመስል ነበር።
ሌሊት ጉማሬ ሲወጣ ዝም ይላል፤ ሲመለስ ወሬውን ይቀጥል ነበር።"
"ታዲያ ዛፉን..." ብላ ጀመረች ራውዳ።
"ዛፉማ" አሉ፣ "የከድራ ሰርግ ነው። የልጄ። ዘንድሮ አይነካም፤ ከርሞ እንወያይ፣ እንግዳ።"

ቀትር ላይ ደመረች። ከስልሳ፣ ሃያ ሦስት።
ዳግመኛ ደመረች። እዚያው። ሃያ ሦስት።
መረቡን አጠብኩበት፣ በዚያው በአባቴ ውሃ፤
ደመና ነበረበት፤ ስነካው ተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ጭቃ፣
እንደ ቤታችን ግድግዳ ቀይ ያልሆነ፣ እሳት ያልነካው፣ ጥቁር፣
ተረከዜን የሚያውቀኝ ይመስል፣ አልለቅም ይል የነበር።

ቅጹ ግርጌ "የሰብሳቢው ስም ከነአባት" ይላል። እስክርቢቶዋን ሰጠችኝ።
"ሙራድ" ብዬ ጻፍኩ።
የአባት ቦታ ላይ ግን ከጣቴ ጭቃ ጠብ አለና ቀደመኝ።